ጃማይካዊው ራሱን ሲሥል

ጃማይካን ብዙዎቻችን የምናውቃት በዘፈኗ፣ በሯጮቿና የእኛን አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ቀለም ለብሰው በሚታዩት የራስ ተፈሪ ተከታዮቿ ነው። ስለ ሠዓሊዎቿ፣ ስለ እንጨት ቀራጮቿና ስለ ሸክላ ሠሪዎቿ የሚነግረን ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። በመርከብ የሚመጣው አገር ጐብኚም ቢሆን አብዛኛው ከዚህ የተሻለ ዕውቀት ይዞ አይመለስም። ጧት ኦቾ ሪዮስ ወይም ሞንቴጎ ቤይ ወደብ ይወርዳል፤ ከወደቡ አጠገብ ካለው ገበያ አንድ የእንጨት ጭንብል ወይም የሰሌን ባርኔጣ ይገዛል፤ ማታ ወደ መርከቡ ይመለሳል። አገሩ ሲገባም «የጃማይካን ጥበብ አየሁ» ብሎ ያወራል።

ዛሬ አንባቢዬን ይዤ የምዞረው በሌላ በኩል ነው። ከዋና ከተማይቱ ከኪንግስተን እንጀምርና ወደ ተራራው እንወጣለን፤ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ታውን ሸክላ ሠሪዎች ወርደን፥ በመጨረሻ ወደዚያው ወደ ገበያው እንመለሳለን። በደረስንበት ሁሉ አንዲት ጥያቄ እንድትጠይቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ይኸውም «ይህ ነገር መጀመሪያ የተሠራው ለማን ነው?» የምትል ናት። ስትሰማ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ብዙ ትገልጣለች። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውስ።

የጃማይካ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ የሚገኘው በኪንግስተን የታችኛው ከተማ፥ በባሕሩ ዳርቻ ነው። በ1974 ሲቋቋም ዴቨን ሀውስ በሚባለው ያማረ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበረ። ይህንን ቤት በ1881 ያሠሩት ጆርጅ ስቲብል የተባሉ፥ በቬኔዝዌላ ወርቅ የከበሩ ጥቁር ጃማይካዊ ባለጸጋ ናቸው። ጋለሪው አሁን ወዳለበት ሕንፃ የተዛወረው በ1982 ነው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ የጃማይካ ኢንስቲትዩት ይባላል፤ እርሱም በ1879፥ ደሴቲቱ በእንግሊዝ አገረ ገዥ ስትተዳደር የተመሠረተ የዕውቀትና የጥበብ ተቋም ነው። ይህን ኢንስቲትዩት አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ ትንሽ ቈይተን ጠብ እናይበታለን።

ወደ ጋለሪው ከመግባት በፊት በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ የቆመውን የነሐስ ሐውልት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከወገቡ በላይ ብቻ የሚታይ ጥቁር ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጓል። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የነቃው ጥቁር ሰው» ይሆናል። የሠሩት ወይዘሮ ኤድና ማንሊ ናቸው። እናታቸው ጃማይካዊት፣ አባታቸው እንግሊዛዊ ሲሆኑ በ1900 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። የአክስታቸውን ልጅ፥ በኋላ የጃማይካ መሪ የሆኑትን ኖርማን ማንሊን አግብተው በ1922 ወደ ደሴቲቱ መጡ። በባሕር ዳር ያለው ትልቅ ቅጂ ነው፤ እርሳቸው በ1935 በገዛ እጃቸው የቀረጹት ከማሆጋኒ እንጨት ሲሆን፥ ቁመቱ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በ1937 ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ያንን እንጨት ገዛና ለአገሩ ስብስብ መነሻ እንዲሆን ለኢንስቲትዩቱ ሰጠው። በዓመቱ፥ በ1938፥ የሸንኮራ አገዳ እርሻና የወደብ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው ተነሥተው ደሴቲቱ ታወከች። ሰዎችም ሐውልቱን እንደ ትንቢት አዩት።

ጠቡ የመጣው በ1939 ነው። በዚያን ጊዜ በኢንስቲትዩቱ ከተሰቀሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ የአገረ ገዥዎችና የእንግሊዝ ሹማምንት መልኮች ነበሩ። ዓመታዊው ስብሰባ በሚደረግበት ቀን አርባ ያህል ሰዎች ተሰብስበው አዳራሹ ገቡ። ሮበርት ብሬዝዌት የተባሉ ጠበቃ ቃል አቀባያቸው ሆነው ተነሡ። የንግግራቸው ፍሬ ነገር እነዚህ ሥዕሎች ይውረዱ፥ ጃማይካዊውም ራሱን ይሣል የሚል ነበረ። መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ መናገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወይዘሮ ኤድና ማንሊ በዚያው በኢንስቲትዩቱ ቤት የሥዕል ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ አድጎ በ1950 የጃማይካ የሥዕል ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬም በስማቸው የሚጠራ የሥዕል፣ የሙዚቃ፣ የዳንስና የቲያትር ኮሌጅ ነው። ስብሰባ ላይ ገብቶ መናገር ምን ይጠቅማል ለሚሉ ወጣት ጸሐፊዎች ይህንን ታሪክ ከመንገር አልቦዝንም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በጋለሪው ካሉት ሥራዎች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስገርሙኝ የጆን ደንክሊ ናቸው። ደንክሊ በ1891 በምዕራብ ጃማይካ፥ በሳቫና ላ ማር ተወለዱ። በወጣትነታቸው እንደ ብዙ የአገራቸው ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ ፓናማና ወደ አካባቢው አገሮች ተሰደዱ፤ በመርከብም ሠሩ። በመጨረሻ ወደ ኪንግስተን ተመልሰው በፕሪንሰስ ጎዳና የጠጉር ማስተካከያ ቤት ከፈቱ። እንጀራቸው መቀስና ምላጭ ነበረ። ነገር ግን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የሱቃቸውን ግድግዳ በዛፍ፣ በአበባና በሐረግ ይሸፍኑት ጀመር፤ ዕቃውም ሁሉ ቀለም ተቀባ። እንግዲህ ጥያቄያችንን ብንጠይቅ፥ የደንክሊ የመጀመሪያ ጋለሪ የራሳቸው ሱቅ፥ የመጀመሪያ ተመልካቾቻቸውም ጢማቸውን ሊላጩ የተቀመጡ የከተማው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

የደንክሊ ሥዕሎች ብዙ አይደሉም፤ ዛሬ የሚታወቁት ከሃምሳ አይበልጡም። ጃማይካን በፖስታ ካርድ ላይ የሚያያት ሰው ፀሐይዋንና ሰማያዊ ባሕሯን ይጠብቃል፤ በደንክሊ ሥዕል ግን ያለው ምሽት ነው። ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ ሰው ግን ከስንት አንዴ ነው። ጫፋቸው የተቈረጠ የዛፍ ግንዶች ቆመዋል። ከሥራቸው ሸረሪት ወይም አይጥ የምትመስል ትንሽ እንስሳ ብቅ ትላለች። ቀለሙ ጥቍር አረንጓዴ፣ ቡናማና አመድማ ነው። አንዳንዶቹን የሣሉት በኮምፔንሳቶ ላይ ነው፤ አናጢ ቤት እንደሚገኘው ያለ ተራ ኮምፔንሳቶ። አንድ ሰው ፊት ለፊታቸው አምስት ደቂቃ ቢቆም ጨለማው ቀስ በቀስ እየተገለጠ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታየዋል። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየሮጠ የሚያልፍ ግን ምንም አላየም።

የኢንስቲትዩቱ ሰዎች ተሰጥኦአቸውን አይተው ወደ ሥዕል ትምህርት እንዲገቡ ጋበዟቸው። ደንክሊ እንቢ አሉ፤ እኔ ነገርን የማየው በሌላ ዓይን ነው የሚል ነበረ ምክንያታቸው። በ1947 ሲሞቱ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በጠጉር አስተካካይነታቸው ነበረ። በ2017 በአሜሪካ በማያሚ ከተማ ሙዚየም ሥራቸው ለብቻው ተሰብስቦ ታየ፤ ከዚያም በኪንግስተንና በኒውዮርክ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፥ ሥዕል ያልተማረ ሰው ሠዓሊ ከተባለ ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን ተከፈተ?» ሲል ጠየቀኝ። ጃማይካውያን ራሳቸው ይህንን ነገር ሲከራከሩበት ኖረዋል። ቀደም ባለው ዘመን እንደ ደንክሊ ያሉትን «ፕሪሚቲቭ» ይሏቸው ነበረ፤ ይኸውም ኋላ ቀር እንደ ማለት ያለ፥ ምስጋናና ስድብ የተቀላቀለበት ስም ነው። በ1979 የጋለሪው ኃላፊ ዶክተር ዴቪድ ቦክሰር ትምህርት ቤት ያልገቡትን ሠዓሊዎች ሰብስበው ኤግዚቢሽን አደረጉና «ኢንትዩቲቭ» የሚል አዲስ ስም አወጡላቸው፤ በልብ ዓይን የሚያዩ ልንላቸው እንችላለን። ከስድቡ አዳኗቸው። ነገር ግን አንዳንዶች ይህም ስም ቢሆን አጥር ነው፤ የተማረውን በአንድ ክፍል ያልተማረውን በሌላ ክፍል መስቀል ነው ብለው ተቃወሙ። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ለተማሪዬም የመለስኩለት ትምህርት ቤት እጅን ያሠለጥናል፥ የሚሣለውን ነገር ግን ሰውየው ከቤቱ ይዞ መምጣት አለበት ብዬ ነው። ለምሳሌ ኦዝመንድ ዋትሰን በጃማይካው ትምህርት ቤት ከ1952 እስከ 1958፥ ኋላም በለንደን በሚገባ የተማሩ ናቸው። በ1969 ሲሥሉ ግን ክርስቶስን እንደ ራስ ተፈሪ ሰው አድርገው፥ በቤተ ክርስቲያን መስኮት እንዳለ ባለቀለም መስተዋት ወፍራም ጥቍር መስመር እየከፈሉ ሣሉት። ሥዕሉን «ሰላምና ፍቅር» አሉት። ያ የለንደን ትምህርት አይደለም፤ ለንደን ያስተማራቸው መስመሩ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ነው።

በጋለሪው ካሉት ክፍሎች አንዱ ለማሊካ ሬይኖልድስ ሥራ የተሰጠ ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ካፖ በሚለው ስማቸው ነው። ካፖ (ከ1911 እስከ 1989) «ሪቫይቫል ዛየን» በሚባለው፥ ከበሮና ጭብጨባ በበዛበት የጃማይካ ክርስትና ውስጥ ጳጳስ ነበሩ። በ1947 መሣል ጀመሩ፤ ከዚያ በእንጨት ቀረጹ፤ ከዚያም ወደ ቀለሙ ተመለሱ። በቅርጾቻቸው ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ምእመኖቻቸው ናቸው፤ ያሸበሽባሉ፣ ይደገፋሉ፣ አንዱ ከሌላው እንጨት ውስጥ ይበቅላል። ላሪ ዋርዝ የተባሉ የሆቴል ባለቤት ለዓመታት ሲሰበስቡት የኖሩትን የካፖን ሥራ ጋለሪው በ1983 ተረከበ። ካፖን የሆቴል ባለቤት ባይገዛቸው ኖሮ ዛሬ ምን ያህሉን እናይ ነበር? ይህንንም ማሰብ ይገባል፤ የገበያው ሰው ሁልጊዜ ጠላት አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ወደሚነካው ነገር ልምጣ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ ወር በ1966 ጃማይካን ሲጐበኙ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቅልቆ እንደ ነበረ በሰፊው የታወቀ ነው። የራስ ተፈሪ እምነት የተነሣው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፥ ከ1930 የዘውድ በዓል በኋላ ነው። ስለዚህ በጃማይካ የሥዕል ቤቶች የሚዞር ኢትዮጵያዊ ሳይታሰብ የገዛ አገሩ ስም ከግድግዳ ላይ ይጠራዋል።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች እጅግ የማከብራቸው ኤቨራልድ ብራውን (ከ1917 እስከ 2002) ናቸው። አናጢ ነበሩ፤ በ1947 ከገጠር ወደ ኪንግስተን መጡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስፓኒሽ ታውን መንገድ ከነቤተሰባቸው አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አቋቋሙና ራሷን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የምታስጠጋ ማኅበር አደረጓት። ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችን በይፋ በጃማይካ የተቋቋመችው በ1970 ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ የሚያስተምራቸው ቄስ ከእኛ ዘንድ አልመጣም ነበር። ለጸሎታቸው መስቀል አስፈለጋቸው፥ ቀረጹ። ከበሮ አስፈለጋቸው፥ ሠሩ። ለግድግዳው ሥዕል አስፈለገ፥ ሣሉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ጥያቄያችን አታገኝም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብራውን ከተማውን ትተው በሰሜን በኩል ባለው በቅድስት አን አውራጃ ወደ መሪ ተራራ ወጡ። ተራራው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ እየቦረቦረ ልዩ ልዩ መልክ ሰጥቶታል። እርሳቸው በድንጋዩ ውስጥ ፊት፣ ወፍና መልአክ ያያሉ፤ ያዩትንም ይሥላሉ። በዚያም ክራርና ከበሮን፥ ጊታርና በገናን ያጋቡ የሚመስሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሠርተው ርግብና ኮከብ ቀቧቸው። በ1986 የሠሩት አንዱ «ለአራት ሰዎች የሚሆን መሣሪያ» ይባላል፤ እንደ ስሙም አራት ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ አብሮ እንዲጫወትበት የታሰበ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ዕቃ ሙዚየም ገብቶ በእጅ እንዳይነካ ይጠበቃል። ከብል ይጠበቅ ዘንድ ግድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ለአራት ሰው ተሠርቶ አንድም ሰው የማይመታውን መሣሪያ ሳስብ ልቤ ዝም አይልም።

ብራውን በ1970 ከሣሏቸው አንዱ «የኢትዮጵያ ፖም» ይባላል። ይህ ፍሬ በጃማይካ በየጓሮው የሚበቅል፥ ቅርጹ እንደ እንቡጥ፥ ልጡ ደማቅ ቀይ፥ ውስጡ ነጭ የሆነ ነው። ሕዝቡ «ኦታሂቲ ፖም» ይለዋል። ኦታሂቲ የታሂቲ የጥንት ስሟ ነው፤ ፍሬውን ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች በ1793 ያመጡት የእንግሊዙ የመርከብ አዛዥ ብላይ ናቸው። የራስ ተፈሪ ሰዎች ግን ስሙን ለውጠው የኢትዮጵያ ፖም አሉት። ከእኛ ዘንድ የሄደ ፍሬ አይደለም፤ አብዛኞቻችንም ቀምሰነው አናውቅም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የተማረ ወገናችን ፈገግ ይላል። «እኛን ሳያዩ ሣሉን፤ የሣሉትም እኛን አይመስልም» ይላል። እኔ በዚህ ሳቅ አልተባበርም። እነዚህ ሰዎች አያቶቻቸው በባርነት ከአፍሪካ ተጭነው የመጡ፥ ከየት መንደር እንደተወሰዱ የሚነግራቸው መዝገብ የሌላቸው ናቸው። በጓሯቸው ለበቀለው ፍሬ እንኳ ስም ያወጣላቸው የመርከብ አዛዥ ነው። ስለዚህ የራሳቸውን ስም ሊያወጡለት ሲፈልጉ፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጻፈውንና ያልተሸነፈውን የጥቁር አገር ስም አነሡ። ሥዕሉ የእኛ መልክ አይደለም፤ እኛም «ይህ ትክክል ነው፥ ይህ ስሕተት ነው» እያልን ልናርመው የተሰጠን ደብተር አይደለም። ለራሳቸው የተሠራ ነው።

ለአደባባይ የሚሠራው ነገር ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ባለቤቱ ሕዝቡ ሁሉ ነውና። በ1983 ክሪስቶፈር ጎንዛሌዝ የተባሉት ቀራጺ የቦብ ማርሊን ሐውልት ሠርተው ሲያቀርቡ፥ የታችኛው አካሉ ሥር የሰደደ የዛፍ ግንድ ነበረ። ሕዝቡ «ይህ ቦብ አይደለም» ብሎ ተቈጣ፤ ሐውልቱም ከሥፍራው ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ጋለሪው ገባ። በምትኩ አልቪን ማሪየት የሠሩት፥ ሰውየውን ጊታሩን እንደያዘ በትክክል የሚመስለው ቆመ። ደግሞ በ2003 የላውራ ፌሲ ሐውልት በነጻነት መናፈሻ በር ላይ ተተከለ። ከሦስት ሜትር በላይ የሆኑ፥ ልብስ ያልለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከውሃ ውስጥ ወጥተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በራቁትነታቸው ብዙ ተከራከረ። እነርሱ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ሕዝብ ስለ ሐውልት የሚጣላበት አገር ስለ ሐውልት የሚያስብ አገር ነውና፥ ይህንን ጠብ እንደ ኋላ ቀርነት ለማየት አልፈቅድም።

ከኪንግስተን ወደ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ስፓኒሽ ታውን ይደርሳሉ። በእስፓኝ ዘመን የተቈረቈረች፥ በእንግሊዞችም ዘመን እስከ 1872 ዋና ከተማ የነበረች ናት። ወይዘሮ ሉዊዛ ጆንስ፥ ሕዝቡ «ማ ሉ» የሚላቸው፥ በዚህች ከተማ ሸክላ ሲሠሩ ኖረው በ1992 ሞቱ። የሚሠሩት «ያባ» የሚባለውን ሰፊ የሸክላ ዕቃ ነበረ። ቃሉ ከጋና ሕዝብ ከአካኖች ቋንቋ የመጣ ነው፤ አሠራሩም እንዲሁ አትላንቲክን ተሻግሮ የመጣ ነው። የሚሽከረከር መንኰራኵር የለም። ጭቃው እንደ ገመድ ይንከባለላል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ በእጅ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ በተከፈተ ሜዳ እንጨት ተከምሮበት በእሳት ይበስላል። ድንች ለመቀቀል፣ ሊጥ ለማቡካት፣ ውሃ ለማቀዝቀዝ የሚሆኑ ዕቃዎች ከዚህ ጭቃ ይወጡ ነበረ። የሚሠሩት ሴቶች፥ የሚሸጡት ሴቶች፥ የሚገዙትም ሴቶች ነበሩ።

የዚህ ጥበብ ሌላው ታላቅ ሰው ሴሲል ባው (ከ1908 እስከ 2005) ናቸው። በልጅነታቸው ሙያውን የተማሩት ከእንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ግብፅ ዘመቱ፤ ስማቸው የሚነሣበት አንጸባራቂ ሰማያዊ ቅብም «የግብፅ ሰማያዊ» ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደው በስመ ጥሩው በርናርድ ሊች የሸክላ ሥራ ቤት ሠሩ፤ ተመልሰውም በ1950 የሥዕል ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑና ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በብሔራዊ ጋለሪው የሸክላው ክፍል በስማቸው ተሰይሟል። ማ ሉ ትምህርት ቤት አልገቡም፥ ባው ደግሞ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ሁለቱም ግን ሥራቸው ከአንድ ጭቃ ይነሣል።

ታዲያ ያባው ምን ሆነ? ኩሽናውን ብረት ድስትና አሉሚኒየም ወሰደው። የሚያበስልበት ሲጠፋ የሚገዛው ሰብሳቢና ሙዚየም ሆነ። ለማ ሉ መንግሥት የክብር ሜዳልያ ሰጥቷቸዋል፤ ልጃቸውም ሙያውን ቀጥለዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከመደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ያባ ጥቍረት የላትም፤ ጥላሸቱ ነበረ የሥራዋ ምስክር።

ዐዋቂዎቹ እምብዛም የማያነሡት አንድ ነገር ልጨምር። ያባውን ካሸነፉት አንዱ ጃማይካውያን «ደች ፖት» ወይም «ደቺ» የሚሉት ከባድ ድስት ነው፤ የሬጌ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ይህ ድስት በአገሩ በትናንሽ ሥራ ቤቶች የሚሠራ ነው። ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ይሰበሰባል፤ ይቀልጣል፤ በአሸዋ ውስጥ በወጣ ቅርጽ ላይ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ አሸዋው ይራገፋል፤ ጠርዙ ይሞረዳል። የሚያፈስሰው ሰው እጅ ቢንቀጠቀጥ ድስቱ ይበሳል። ሠሪው ሠዓሊ ተብሎ አያውቅም፥ ሥራውም ከጋለሪው አይገባም። ይሁን እንጂ እሑድ እሑድ ሩዝና አደንጓሬ የሚበስለው በእርሱ ነው። ስለዚህ ኪንግስተን የሚደርስ አንባቢ ካለኝ፥ ጋለሪውን ካየ በኋላ ከእንዲህ ያለው የድስት ማፍሰሻ ቤት አንዱን ጠይቆ ቢያይልኝ ውለታ አድርጐ እቈጥርለታለሁ።

በመጨረሻ ወደ ገበያው። በየወደቡ በእጅ ሥራ ገበያ ከተደረደረው ዕቃ አንዳንዱ ከሩቅ አገር ፋብሪካ በካርቶን የመጣ ነው፤ «ጃማይካ» የሚለው ቃል ታትሞበታል እንጂ ደሴቲቱን ያየው ከወደብ ሲራገፍ ነው። ሻጮቹን ግን አልወቅስም። መርከቡ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ገዢው ይቸኩላል፤ ዋጋም ይሰብራል። አንድ ቀራጭ ለሦስት ቀን የደከመበትን አንበሳ በቁልፍ መያዣ ዋጋ ሲጠይቁት፥ በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ መያዣውን አምጥቶ ቢሸጥ ምን ይደንቃል?

ይሁንና ከዚያው መካከል እውነተኛ ሠሪዎች አሉ። የሚታወቁት በእጃቸው ነው፤ ብዙዎቹ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጠው መሮ እንደያዙ ናቸው። እንጨቱ ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል። ሴዳር ነው፥ ማሆ ነው፥ ማሆጋኒ ነው ይሏችኋል። የሁሉም አለቃ ግን ሊግነም ቪቴ የሚባለው ነው፤ አበባው የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ነው፤ ንግዱም ዛፉ እንዳይጠፋ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ይደረግበታል። እጅግ ጠንካራ ስለሆነ መሮ ያደንዛል፤ ስለዚህም ዋጋው ይወደዳል። ሐሰተኛውን ለመለየት ከፈለጋችሁ ሻጩን አንድ ባልዲ ውሃ ለምኑት። እውነተኛው ሊግነም ቪቴ ይሰጥማል።